ለሞተር የተቀዳ ጠበል

ሞተር ሳይክል የሚወድ ሰው ደጄን ባይረግጥ ደስ ይለኛል። ኢምፔሪያል ጋ ታክሲ ስጠብቅ ከጀርባዬ አንዱ ሞተሩን ያስነሳ እንደሆነ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ድምፁ እስኪርቅ ግንቡን ተደግፌ እቆማለሁ። እዚያው ወደ ገርጂ መታጠፊያው ላይ ሞተር የሚሸጡበት ሱቅ ከፍተዋል። ልጆቹ ላስቲኩ ገና ያልተላጠለት አዲስ ሞተር ላይ ይወጡና «እስቲ አንዴ ልሞክረው» ይላሉ፤ ሻጩም ቁልፉን ይሰጣቸዋል። የአዲስ ጎማና የቤንዚን ሽታ እስከ መንገዱ ማዶ ይመጣል። ሌላው ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔ ግን በዚያ ሽታ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ሆኜ፣ መጥረጊያ ይዤ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እገኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የባሰው መጣ። ወደ ላምበረት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ቦታ ለቀቅኩላቸው። ኮታቸው ንጹሕ ነው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «አስካለ ነሽ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ፊቱን ሳልለየው ድምፁን ለየሁት፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እሳቸው» ማለት ልቤ እምቢ አለኝ። የድሮው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ የሚጠራለት ቢኖር እሱ ይጥራው። «ያ ጥቁሩ ሞተር ትዝ ይልሻል?» አለና ሳቀ፣ ሰርግ አብረን እንደበላን ሁሉ። «ወይ አስካለ፣ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር እኮ።»

እንዴት ያለ ጊዜ እንደነበር እኔ ልናገር። ያኔ ገርጂ እርሻ ነበር፤ ጤፍና ሽምብራ፣ በክረምት ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጥቁር ጭቃ። አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥና ከጣሪያው አቧራ ወጡ ላይ ይራገፋል። እኔና ልጄ መላኩ የምንኖረው ከመገናኛ ወደ ላምበረት በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አሁን ሰዎች «ዳቦ በአሥር ሳንቲም ነበር» እያሉ ያለቅሳሉ። እውነት ነው፣ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ዳቦው ግን አልነበረም። ስኳሩ በኅብረት ሱቅ፣ በካርድ፣ በሰልፍ ነው። በኮንጎ ጫማ ሰልፍ የቆመ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ሲበረታ ላስቲኩ እግር ላይ ይቀልጣል። ሊቀመንበሩ ግን ሰማያዊ ካኪ ለብሶ፣ እጥፋቱ ቢላ የሚመስል፣ በሰልፉ አጠገብ እየተንጎራደደ «ጓዶች፣ ትዕግሥት» ይለናል። ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ዘመን በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱን አልክድም። የሰጡኝ እሱን ብቻ ነው፤ ለምን እንደጠቀመኝ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ባሌ ሹፌር ነበር፤ ደሴ መንገድ ላይ መኪናው ገደል ገብቶ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ጠላቴ ነው። እግዜር ሲቀልድ ደግሞ መላኩ ጋራዥ ገባ፤ ያውም ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ሆኖ። ጥፍሩ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ሰልባጅ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የቀበሌውን የኪነት ቡድን ልጆች ዘፈን በፉጨት እያወጣ ሲመጣ ከመታጠፊያው ጀምሮ እሰማዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ደግሞ በዚያን ጊዜ መጥፎ ዕድሜ ነው። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት መጥቶ የመጀመሪያው ዙር ሄዷል፤ ሌላ ዙር ሊጠራ ነው ይባላል። የሚሄደውን ወንድ ልጅ ስም የሚጽፈው ቀበሌ ነው። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ኮርኒስ ላይ ይደብቁ ነበር፤ የእኔ ቤት ኮርኒስ የለውም። እኔ ያለኝ የቀበሌውን አዳራሽ መጥረግ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የሊቀመንበሩን ጠረጴዛ ስወለውል ወረቀቶቹን ፊደል በፊደል እያየሁ የልጄን ስም እፈልግ ነበር።

አንድ ቀን በጭነት መኪና ትልቅ የእንጨት ሣጥን መጣና አዳራሹ ውስጥ ተፈታ። ሞተር ሳይክል ነው፤ ግን እኛ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። ጥቁር፣ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ብረቱ ፊትን የሚያሳይ። መሪው እንደ ቦረና በሬ ቀንድ ግራና ቀኝ ተንሰራፍቷል። ነጂው ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ነው የሚነዳው። ሊቀመንበሩ በአብዮት በዓል ሰልፍ ፊት ፊት ሊሄድበት አስቧል። ቀበሌ ደግሞ ደንብ አለው፤ ዕቃ ሲገባ የርክክብ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ዕቃው በኮሚቴው ፊት ይፈተናል፣ የፈተነውም ሰው ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው እሱ ነው። ስለዚህ ሞተር የሚያውቅ ሁሉ ወገቤን አለ፣ ዓይኔን አለ። ሊቀመንበሩ ስጠርግ መጥቶ በላዬ ቆመ።

«አስካለ፣ ልጅሽ ሞተር ያውቃል ይሉኛል።»

«ያውቃል ጓድ ሊቀመንበር።»

«እሑድ ይፈትንልኝ። ካማረኝ የቀበሌው መልእክተኛ አደርገዋለሁ። መልእክተኛ ከሥራው አይነሳም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«ምንድን ነው የገባሽ?»

«ስሙ እንደማይጻፍ።»

«እኔ እንደዚያ አልወጣኝም» አለና ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ለእኔ የተፈረመ ወረቀት ነበር።

ማታ ለመላኩ ስነግረው ሊበር ደረሰ። «አይተሽዋል እማዬ? እንደ አልጋ ነው እኮ የሚያስተኛው።»

«አልጋ ላይ ነው ሰው የሚሞተው» አልኩት።

«እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጌታ መስሎ…»

«አባትህንም እግሩን ዘርግቶ ነው ያመጡልኝ።»

ከዚያ እጄን ያዘና «አንድ ቀን ነው፤ ላምበረት ደርሶ መመለስ ነው፤ ከዚያ ስሜ ከወረቀቱ ይወጣል» አለኝ። ሞተሩም ያስፈራኛል፣ ወረቀቱም ያስፈራኛል። ከሁለቱ ሞተሩን መረጥኩ።

መኪና የገዛ ሰው ጠበል ሳያስረጨው አይነዳም፤ አሁንም ያው ነው። የቀበሌን ሞተር ግን ማን ደፍሮ ቄስ ይጠራለታል? ሊቀመንበሩ እንኳን ቄስ፣ ማተብ ያሠረ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። እኔ ግን ልጄ ባልተባረከ ነገር ላይ አይወጣም ብዬ፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ የአረቄ ጠርሙስ ይዤ የገብርኤል ጠበል ሄድኩ። ብዙ ሰው ተሰልፏል። ተራዬ ሲደርስ አጥማቂው አባ «ለማን ነው ልጄ?» አሉኝ። ከኋላዬ የቀበሌያችን ሰዎች አሉ። ለሞተር ነው ብል፣ ምሳ ሳይደርስ ሊቀመንበሩ ጆሮ ይገባል። «ሆዱን የሚያመው ሰው አለ» ብዬ ዋሸሁ። እሳቸውም ጠርሙሱን ሞሉልኝና፣ «እንግዲያው ከላይ መርጨት አይበቃውም። ይጠጣው፤ ከሆዱ ይግባ፤ እሑድ ጠዋት ገና ሳይነሳ» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ተመለስኩ።

የቄስ ቃል ነው። ለሰው ያሉትን ለብረት እንዳሉት አድርጌ ተቀበልኩ። በሐሰት ብጠይቅም መልሱ ከገብርኤል ነው አልኩ። እሑድ ጠዋት አዳራሹን ልጠርግ ስገባ ማንም አልነበረም። መላኩ ቤንዚን ሲቀዳበት አይቻለሁ፤ ከኮርቻው ፊት ክብ ክዳን አለ፤ ሆዱ እሱ ነው። ከፈትኩት። አባታችን ሆይ እያልኩ ጠርሙሱን እስከ ጠብታው አንቆረቆርኩለት፤ ክዳኑን ገጠምኩ፣ በነጠላዬ ወለወልኩት። በዚያ ጠዋት የተሰማኝን ሰላም ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ወለሉን ጠረግኩ። መላኩ ሲመጣም በጆሮው «አይዞህ፣ ሆዱ ውስጥ ጠባቂ አለልህ» አልኩት። አልገባውም፤ ግንባሬን ሳመኝ።

ኮሚቴው በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀመጠ። የኪነት ልጆቹ ከበሮ ይዘው ተደረደሩ። እሑድ ነውና ቤተ ክርስቲያን እንዳይሄድ ለስብሰባ የተጠራው ሕዝብ ሁሉ ግቢውን ሞልቶታል። መላኩ ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና ወጣበት። ሲያስነሳው ድምፁ ወፍጮ ቤት ደጃፍ የቆምን አስመሰለን። ግቢውን ሁለቴ ዞረው። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ጀርባውን ለጠጥ አድርጎ፣ እጁን በዚያ ሰፊ መሪ ላይ ዘርግቶ ሲያልፍ የእኔ ልጅ አልመሰለኝም፤ የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ «አስካለ፣ ይኼንስ የወለድሽው አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። ሊቀመንበሩ ይህን ሲያይ አላስቻለውም። «እኔም ከኋላ እቀመጣለሁ። ሕዝቡ ይየኝ» አለና ካኪውን ሰብሰብ አድርጎ ወጣ። ወደ ላምበረት ሄዱ። ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ከበሮው እስኪመለሱ ይጠብቃል።

የተመለሱት በእግራቸው ነው። ሊቀመንበሩ ቆቡን በብብቱ ይዞ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ከፊት ይመጣል፤ መላኩ ከኋላ ያን የሚያህል ብረት ይገፋል፣ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ላምበረት ሊደርሱ ሲሉ፣ ዳገቷ ላይ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰልፈኛ ፊት ነው ሞተሩ ሦስቴ አስሎ ቀጥ ያለው። በቆሎ ሻጮቹ «ጓድ፣ ጾም ይዟል እንዴ?» ብለው ስቀውበታል። እኛም ግቢ ሲገቡ ከሕዝቡ መሐል አንዱ በመፈክራቸው «ወደ ፊት አልነበር እንዴ?» አለ። ሳቅ ተነሳና ወዲያው ሞተ። ማን እንዳለው አልታወቀም። ሊቀመንበሩ ዞሮ ሲያየን ፊቱ ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ በዚያ ቀን አንድ ሰው ሊከፍልለት ይገባል።

መላኩ ብርጭቆ አስመጣና ከሞተሩ ሆድ ሥር ቀድቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቤንዚኑ ከላይ፣ ከታች ደግሞ ጥርት ያለ ነገር፣ ሳይደባለቁ ተለያይተው ቆሙ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ውሃ ነው ጓድ።»

«ውሃ ከየት መጣ?»

መላኩ ሊመልስ ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። መጥረጊያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ብርጭቆውን አየ፣ መልሶ እኔን አየ። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ «አሻጥር ልበል?» ሲል ሰማሁ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

«ክዳኑ ነው» አለ መላኩ። «ትናንት ሳጥበው ክዳኑን አላጠበቅኩትም። ውሃ ገብቶበታል። አሻጥር አይደለም፤ የእኔ ቸልተኝነት ነው።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ…» አልኩ።

«እማዬ» አለ ልጄ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «ምሳዬን አላመጣሽልኝም እኮ። ርቦኛል።»

«ሂጂ አምጪለት» አለኝ ሊቀመንበሩ።

ሄድኩ። እስከ ዛሬ የማልምራት ነገር ይቺ ናት፤ ሄድኩ። መንገዴን ጠርሙሱን ላነሳ ወደ መስኮቱ አለፍኩ፤ የለም። ከመስኮቱ ሥር ፈለግኩ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ፈለግኩ፤ የለም። እንጀራ በጎመን ይዤ ስመለስ መላኩ ፈርሞ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው እሥር ቤት ተዘግቶበታል። በትንሿ መስኮት በኩል «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩት።

«አውቃለሁ። ጠባቂ አለልህ ብለሽኝ የለ እንዴ። ብርጭቆው ውስጥ ሳየው ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።»

«ልንገራቸው።»

«አንቺን ካሠሩሽ እኔ ወደ ማን ነው የምመለሰው?»

በሳምንቱ መላኩን ጨምሮ ስድስት ወጣቶች ለውትድርና በጭነት መኪና ተጫኑ። ሞተሩን ሌላ ጠጋኝ በአንድ ጠዋት አደረቀው፤ ሊቀመንበሩም በበዓሉ ሰልፍ ከኋላው ተቀምጦበት አለፈ። ከመላኩ ከሰሜን ጦር ሜዳ ሦስት ደብዳቤ መጣልኝ። ፊደል የጠቀመኝ ለዚህ ነው፤ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ የእሱ ነው፣ የመጨረሻውም የእሱ ነው። ከዚያ ቆመ። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ በእግሩ እየመጣ ሲገባ፣ የሰሜኑ መንገድ ወደ ከተማው የሚገባው በላምበረት ነውና፣ ባቄላ ቀቅዬ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ለሁሉም ሰጠሁ። ሁሉንም ጠየቅኩ። ቤቴንም ኋላ ወደዚያው ወደ ላምበረት አዛወርኩ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ጠበል ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ አልቀመስኩም። በሐሰት የቀዳሁት ጠበል ልጄን በላብኝ ብዬ፣ ገብርኤልን ሸሽቼው ኖርኩ።

እንግዲህ ያ ሰው ነው በሚኒባሱ ውስጥ «እንዴት ያለ ጊዜ ነበር» የሚለኝ። መገናኛን አልፈን መጣን። «መላኩ ጎበዝ ልጅ ነበር» አለ፤ «ክዳኑን ረሳሁ አለ እንጂ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ጥርሴ ውስጥ የያዝኩት ነገር ያን ጊዜ ወጣ። «አልረሳም። ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ፣ መስኮቱን እያየ።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ጠርሙሱን እኔ ነኝ ያነሳሁት። የጠበል መሆኑን ሳየው ነው ያወቅኩት፤ እናቴም በአረቄ ጠርሙስ፣ በጨርቅ ወትፋ ነበር የምታመጣው።» ከዘራውን አስተካከለና፣ «ቢወጣ አንቺንም ይፈልጉሽ ነበር። ደበቅኩልሽ» አለ፤ ውለታ እንደሚያስታውሰኝ።

«ካወቅክ ልጄን ለምን ላክከው?» አልኩት። አንተ ያልኩት ሳላስበው ነው፤ መልሼም አላረምኩትም።

«በሞተሩ አይደለም እኮ የሄደው። ስድስት ወንድ ነበር የተጠየቅኩት። ዝርዝሩን ቅዳሜ ነው ለበላይ ጽሕፈት ቤት፣ ለከፍተኛው፣ የላክሁት። የእሱ ስም ስድስተኛው ነበር።»

ቅዳሜ እኔ ጠበል ሰልፍ ላይ ነበርኩ።

«መልእክተኛ አደርገዋለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«ሞተሩን የሚፈትን ሰው ያስፈልገኝ ነበር» አለ። «እኔም ታዝዤ ነው፤ ጊዜው ነው አስካለ።»

«ጊዜ ብዕር አይጨብጥም» አልኩት።

ረዳቱ «ላምበረት፣ መጨረሻ ነው» ብሎ በሩን ከፈተ። ሽማግሌው ለመውረድ ያን የሚንቀጠቀጥ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ «እስቲ ያዢኝ» አለ። በሌላ ቀን፣ ለሌላ ሰው ቢሆን ሳልጠየቅ እይዝ ነበር። እጁን አየሁት። ስድስተኛውን ስም የጻፈው ያ እጅ ነው። «ከዘራህን ያዝ» አልኩትና ወረድኩ። ዞሬም አላየሁም። ወድቆ እንደሆነ አላውቅም፤ ባውቅም አልጸጸትም ነበር።

ሰዎች «ተገላገልሽ እኮ» ይሉኝ ይሆናል። አልተገላገልኩም። አንድ ሰው የራሱን ሸክም እኔ ላይ ጭኖ፣ ስጎብጥ እያየ፣ ጠርሙሱን ደብቆ ኖረ። ይህ መገላገል ከሆነ እንጃ። በማግሥቱ ግን የላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ገብርኤል ሄድኩ። ሰልፉ ያው ነው። አጥማቂው ሌላ ናቸው፤ የልጄን ዕድሜ ቢያክሉ ነው።

«ለማን ነው እናቴ?» አሉኝ።

«ለልጄ ነው» አልኳቸው። «መንገድ ሄዷል።»

«መንገደኛ ከሆነ መጠጣት አያስፈልገውም» አሉኝ፤ «በሄደበት አቅጣጫ ይርጩለት፤ እሱ ይበቃል።»